ሁለት ገመድና አንድ ጀግና

ጀግና ጥሩ የሚሆነው ሐውልት ሲሆን ነው። ሐውልት አይናገርም፣ አይለካም፣ የጎረቤቱን አጥር እያየ "ይሄ ነገር ወደ ግራ ያዘመመ አልመሰለህም?" አይልም። እርግብ ቢያርፍበት እንኳ ችሎ ዝም ነው። በሕይወት ያለ ጀግና ግን፣ በተለይ ጀግንነቱን ጨርሶ ምህንድስና የተማረ ጀግና፣ አንድ መንደር ውስጥ ከገባ ቀጥ ያለው ሁሉ ጠማማ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው በየሸለቆው አንድ አንድ አለ። እናንተም ጋ አይጠፋም። የለም የምትሉ ከሆነ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የእኛ የብራተሊ ሸለቆ ሰዎች ጀግና ክቡር ኢንጂነር ቶርላይቭ ሚክለቡስት ይባላሉ። በጦርነቱ ጊዜ የጀርመን ከባድ መኪኖች ሊሻገሩ ሲሉ የወንዛችንን ድልድይ በገዛ እጃቸው አፈነዱት። ብቻቸውን፣ በፌብሩዋሪ ብርድ፣ በረዶ ላይ በሆዳቸው ተስበው። ለዚህም የጦር መስቀል ተሸለሙ። ታሪኩን የነገሩን ሌሎች ናቸው፤ እሳቸው ስለ ጦርነቱ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ቢናገሩ ይሻለን ነበር። ስለ ጦርነት የሚያወራ ሰው ቢያንስ ለዚያች ሰዓት ስለ አጥር አያወራም።

ጦርነቱ ሲያልቅ ከተማ ሄደው ምህንድስና ተማሩና ተመለሱ። "ያፈረስኩትን እኔው እሠራዋለሁ" አሉ። ስድስት ዓመት በጀልባ ስንመላለስ ወገባችን ተቆርጦ ነበርና "እባክዎ፣ ቶሎ ይሁን" አልናቸው። በ1950 ድልድዩ ቆመ፦ ሰባ ሜትር ርዝመት፣ ከዳር እስከ ዳር በሁለት የብረት ገመድ የተንጠለጠለ፣ ቆንጆ ድልድይ። ሪባን ተቆረጠ፣ ባንዲራ ተሰቀለ፣ ሴቶች አለቀሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ስንሻገር እሳቸው በመስኮታቸው ሆነው ሲያዩን ሠላሳ አንድ ዓመት ኖርን።

ሰው ኪሱ ውስጥ መነጽር፣ መሐረብ ምናምን ይይዛል። ኢንጂነር ኪሳቸው ውስጥ ውሃ ልክ ይይዛሉ። ትንሽ ናት፣ የጣት ያህል። ለቁርስ ስትጠሯቸው ጠረጴዛችሁ ላይ ዱብ ያደርጓትና አረፋዋን ያያሉ። ምንም አይሉም። ቀና ብለው እናንተን ያያሉ። ነገር በዓይን ይገባል የሚባለው እውነት መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው።

የባለሱቁ የኦድቫር አባት የተቀበሩ ዕለት የሆነውን ልንገራችሁ። ስድስት ጎልማሶች ሬሳ ሣጥኑን ተሸክመን ከቤተ ክርስቲያን ወጣን። ቄሱ ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ። ኢንጂነር ከመንገዱ ዳር ቆመዋል።

"ቆም በሉ" አሉ።

ቆምን። ጀግና ቁም ሲል የማይቆም የለም።

"በግራ በኩል ሁለት ሴንቲ ወርዷል።"

ኦድቫር ዓይኑ ቀልቶ፣ "ኢንጂነር፣ አባቴ ከእንግዲህ የትም አይወድቅም" አላቸው።

"እሱ አይወድቅም። የምትወድቁት እናንተ ናችሁ" አሉት።

በስተግራ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ጫማዬ አንሸራቶኝ ጉልበቴ መታጠፍ ጀምሮ ነበር። ከሰውዬው ነገር ሁሉ የሚያንገበግበው ይኼ ነው፤ ልክ ናቸው። ተሳስተው ቢሆን ኖሮ እኮ እንወዳቸው ነበር።

በጸደይ ደቦ እንወጣለን። ቅጠል መጥረግ፣ የአዳራሹን በር ቀለም መቀባት፣ ከዚያ ዋፍል በእንጆሪ ማርማላታ። ደስ የሚል ቀን ነው፣ ኢንጂነር ከሌሉበት። እሳቸው ካሉበት ግን ቅጠል መጥረጊያው ሬክ የሚያያዝበት ትክክለኛ ማዕዘን አለ። አንድ ጊዜ የመምህሩን ሚስት የቀለም ብሩሽ ቀምተው "ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ የሚቀባ ማነው?" አሏት። ሴትዮዋ ያንን በር እስከ ዛሬ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች።

ወደ ድልድዩ እንመለስ፤ እሳቸውም ሁልጊዜ የሚመለሱት ወደዚያው ነው። ሲመረቅ መግቢያው ላይ ያለው የክብደት ሰሌዳ "6 ቶን" ይል ነበር። ሦስት ዓመት እንደሞላው ኢንጂነር ቀለምና ብሩሽ ይዘው ወጡና ስድስቱን ሦስት አደረጉት። ለምን ሲባሉ፣ "ድልድይ ሰው አያውቅም፤ የሚያውቀው ክብደት ነው" አሉ። ይህችን አባባል ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሰማን እግዜር ይቁጠረው። የወተት መኪናው ጭነቱን ለሁለት ከፍሎ ሁለት ጊዜ መመላለስ ጀመረ። አውቶብሱ ዳር ላይ ይቆምና ተሳፋሪ በሙሉ ይወርዳል፤ ባዶ አውቶብስ ቀድሞ ይሻገራል፤ እኛ በነፋስ ባርኔጣችንን ይዘን በእግራችን እንከተላለን። የኦድቫር ልጅ ሳትቀር በሠርጓ ቀን ወርዳለች። ነጭ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ነፋሱ ቬሏን እያንከራተተው፣ "ኢንጂነር፣ ቀሚሴም ይመዘን እንዴ?" ብትላቸው፣

"ስንት ኪሎ ነው?" አሉ። የምር ነው የጠየቁት።

ክረምት ሲሆን ደግሞ አካፋ አለ። በረዶ በጣለ ቁጥር የወተት መኪናው ሳይመጣ ኢንጂነር ድልድዩ ላይ ናቸው። ሰባ ሜትር፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እስከ ጣውላው። እኛ ቁርሳችንን እየበላን በመስኮት እናያቸውና "ሜዳሊያው ወጣ!" እንባባላለን። ይህን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሰው ተቀባበለው፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ጎረምሶች እናግዝዎ ብለው ሲመጡ "እናንተ ስትጠርጉ በአንድ ጎን ትከምራላችሁ" ብለው ይመልሷቸዋል። ስድሳ ስድስት ዓመት ሞልቷቸው፣ ወገባቸውን እያመማቸው፣ አካፋውን ለሰው አልሰጡም። ነፍሷን ይማርና ባለቤታቸው ቦርግሂልድ "እኔን ያገባኝ የድልድዩ ሥራ በሌለበት ወቅት ነው" ትል ነበር።

የብሔራዊ በዓላችን፣ የሜይ አስራ ሰባት ሰልፍ ግን የሁሉ ቁንጮ ነው። በዓሉ የልጆች ነው፤ ባንዲራ ይዘው፣ የትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ ከፊት እየነፋ፣ ከወዲህ ማዶ ተነስተው ወንዙን ተሻግረው አዳራሹ ድረስ ይሄዳሉ። ኢንጂነር የጦር መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ድልድዩ አፍ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ባንዱ ሲደርስ እጃቸውን ያነሳሉ።

"እርምጃ በትኑ!"

ከበሮው ዝም ይላል። አንዱ ልጅ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል፣ ትሮምቦኑ የፊተኛውን ጀርባ ይወጋል፤ ዜማው መሐል መንገድ ላይ ይበጣጠሳል። የአገራችንን ልደት ገበያ መሐል እንደተፈታ በግ ተበታትነን እናከብራለን። ሰዎች በአንድ ላይ ሲረግጡ ድልድይ ይወዛወዛል፣ ወታደር ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ነው ምክንያታቸው። ከአሥር ዓመት በታች ያለ ክላሪኔት ነፊ ወታደር አይደለም ብንላቸው ወይ ፍንክች።

እንዲህ እያልን ራግንሂልድ መጣች።

ራግንሂልድ ከበርገን ከተማ የመጣች፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ የባንዱ አዲስ አስተማሪ ናት። በአንድ ክረምት እነዚያን ልጆች ሰው አደረገቻቸው። ከዚያም ሬድዮ ጣቢያ ጻፈችና እሺ አሏት፤ ሜይ አስራ ሰባት መጥተው ባንዱ ወንዙን ሲሻገር ድምፁን ሊቀዱ፣ ጥሩ ከሆነም ልጆቹ በርገን ሄደው ሊጫወቱ። ልጆቹ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ ድልድዩ ላይ እርምጃ ሳይበተን፣ ዜማው ሳይቋረጥ መሻገር።

በኤፕሪል አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የበዓሉ ኮሚቴ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ኢንጂነርን ጨምሮ ስምንት ነን። ሊቀመንበሩ ባለሱቁ ኦድቫር፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ አርንፊን። ራግንሂልድ ለማስረዳት ተጠርታ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣለች።

"ኢንጂነር፣ አርባ ስምንት ልጆች ናቸው ያሉኝ" አለች። "ትልቁ ቱባ የሚነፋው ነው፤ እሱም ስልሳ ኪሎ አይሞላም። ሁሉም ተደምረው ሁለት ቶን አይሆኑም። የእርስዎ ሰሌዳ ሦስት ይላል።"

"የቆመ ሁለት ቶንና የሚዘል ሁለት ቶን አንድ አይደለም።"

"አይዘሉም እኮ፣ ይራመዳሉ።"

"እኩል ከረገጡ ዘለሉ ነው የሚባለው።"

"እንግዲያው ድልድዩ ደካማ ነው ይበሉንና እንወቀው።"

ኦድቫር ጣልቃ ገባ። "ኧረ ይበሉ እንጂ ኢንጂነር። ወይ ድልድዩ ደህና ነው፣ ወይ አይደለም። ሦስተኛ የለውም።"

"ደንብ አለ" አሉ። "ደንቡ ይከበር።"

"ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት!"

እኔ ደግሞ አላስችል ብሎኝ፣ ቀስ ብዬ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ፣ "ጀርመንን ያቆመ ሰው ከበሮ ፈራ" አልኩ። ጠረጴዛው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ኢንጂነር አልሳቁም፣ አልተቆጡም። አንድ ጊዜ አዩኝና ዓይናቸውን ወደ እጃቸው መለሱ።

ድምፅ ተሰጠ። ሰባት ለአንድ። ባንዱ በአንድ እርምጃ፣ ሳያቋርጥ ይሻገራል ተባለ። ራግንሂልድ ፊቷ በራ። ኦድቫር "ሠላሳ ዓመት ፈጀብን እንጂ ተገላገልን" እያለ ዋፍል ማዞር ጀመረ። ያን ጊዜ ኢንጂነር ተነሡ። ወንበሩን በሁለት እጃቸው ይዘው።

"ልጆቹ እርምጃ ገጥመው እንዲሻገሩ አልፈቅድም" አሉ። "ድልድዩ የሚገባውን ገመድ ግማሽ ነው የያዘው።"

ማንም አልገባውም። ለትንሽ ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብለው ቀጠሉ።

"መጀመሪያ ስነድፈው አራት ገመድ ነበረው። ክብደቱን ለአራት አካፈልኩ። በኋላ ብረት ጠፋ፤ ወደ ሁለት ቀነስኩት። አዲስ ገጽ ላይ ሁሉንም እንደገና ሠራሁ፣ ያቺን አንዲት ማካፈል ግን ሳላስተካክል ገለበጥኳት። ገመድ ሁለት፣ የተካፈለው ለአራት። ያገኘሁት በ1953 ነው፤ ወረቀት ሳስተካክል።"

ኦድቫር ሳህኑን እንደያዘ ቆሟል።

"ሃምሳ ሦስት" አለ። "ሰሌዳውን የቀቡ ዓመት።"

"አዎ።"

"ልጆቼ በየቀኑ እኮ ነው ትምህርት ቤት የተመላለሱበት፣ ሰውዬ!"

"አውቃለሁ" አሉ ኢንጂነር። "በየቀኑ አያቸው ነበር።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም?"

ይህን የጠየቀችው ራግንሂልድ ናት። ኢንጂነር ረጅም መልስ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ስለ ሬክ አያያዝ ሩብ ሰዓት ይናገራሉ። አሁን ግን አንድ ቃል ብቻ ነው የወጣቸው።

"አፈርኩ።"

እንግዲህ ፍረዱ። ጥይት እየተተኮሰ በረዶ ላይ በሆዱ የተሳበ ሰው፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ፈርቶ ሠላሳ ዓመት አካፋ ይዞ ኖረ። ሙሽራን ከአውቶብስ ማውረድ ቀለለው፣ ተሳስቻለሁ ከማለት። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ኦድቫር ቀጣዩን ጥያቄ ባይጠይቅ ኖሮ አምልጦኝም ነበር።

"ቆይ፣ ቆይ። የማዘጋጃ ቤት ደንብ ሁለት ፊርማ ነው የሚለው። የእርስዎን ሂሳብ ያጣራው ማነው?"

እዚህ ላይ እኔ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በ1950 የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አዲስ ክራባት አስሬ፣ በማዘጋጃ ቤታችን የሥራ ክፍል ረዳት ነበርኩ። ሂሳብ ማጣራት የእኔ ሥራ ነበር። ኢንጂነር አሥራ አራት ገጽ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። እኔ ገጹን ሳይሆን ደረታቸውን ነበር የማየው። የጦር መስቀል የተሸለመ ሰው ሂሳብ ምን ይጣራል? "ተጣርቷል" ብዬ ፈረምኩ፣ ስሜንም አሳምሬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ያንን ወረቀት አስቤው አላውቅም። ኦድቫር ሲጠይቅ ክው አልኩ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር።

ኢንጂነር ወደ እኔ አላዩም።

"ማንም አላየውም" አሉ። "ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። ጻፈው አርንፊን።"

ጻፍኩ። "ኢንጂነር ሚክለቡስት ሂሳቡን ማንም እንዳላየው ገለጹ" ብዬ፣ በዚያው ባማረ የእጅ ጽሕፈቴ።

ስብሰባው ተበተነ። ራግንሂልድ ወረቀቷን ሰብስባ "ልጆቹ በዚህ በኩል፣ በመንገዱ ላይ ይጫወታሉ፤ መንገድ አይወድቅም" አለችና ወጣች። ቤታችን ከወዲህ ማዶ የሆነ ሰዎች ወደ ቤታችን የምንሄደው በዚያው ድልድይ ነው። አምስት ነበርን። ዳሩ ላይ ደርሰን ቆምን፤ ሠላሳ ዓመት የተራመድንበትን ጣውላ እንደ እባብ አየነው። ኢንጂነር አንድ በአንድ አሳለፉን። አንዱ ማዶ ሳይደርስ ሌላው አይነሳም። መጨረሻ ላይ እኔና እሳቸው ቀረን።

"ለምን እንደዚያ አሉ?" አልኳቸው።

"ምን አልኩ?"

"ማንም አላየውም። ፊርማዬ አለበት እኮ። ዋሹልኝ።"

"እኔ አልዋሽም" አሉ፤ የምር ተቆጥተው። "አንተ ያንን ሂሳብ አይተኸው ነበር?"

"...አላየሁትም።"

"ታዲያ? ማንም አላየውም አልኩ፣ ማንም አላየውም።" ወንዙን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ "በዚያ ቢሮ ውስጥ ሁለት አጣሪ ነበር አርንፊን" አሉ። "አንደኛው ሽማግሌ፣ እያንዳንዱን ቁጥር በእርሳስ የሚነካ። ሁለተኛው አንተ። ሰው ቶሎ ይሁን ይለኝ ነበር። ለአንተ ያመጣሁት እንደማታነበው ስለማውቅ ነው። አሁን ሂድ፣ ተራህ ነው።"

ያንን ሰባ ሜትር እንዴት እንደተሻገርኩት አላስታውስም።

ሰኞ ዕለት የአውራጃው መሐንዲስ መጥቶ ድልድዩን ዘጋው። ገመዱን ለካ፣ ወረቀቱን አየ፣ "ይሄ እስከ ዛሬ የቆመው በዕድልና በአንድ አካፋ ነው" አለ። አሁን ገበያ ለመሄድ ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር እንዞራለን። ሰው ተናደደ፤ በኦድቫር ሱቅ፣ ጅብ ካለፈ በኋላ ውሻ የሚጮኸው ጩኸት ሁሉ ተጮኸ። አንዱ የጦር መስቀላቸውን ይመልሱ አለ። ሜይ አስራ ሰባት ባንዱ በአዳራሹ በኩል ባለው መንገድ ላይ እርምጃውን ገጥሞ አንድም ኖታ ሳይስት አለፈ፤ ሬድዮውም ቀዳው። ከወዲህ ማዶ ያለነው በጀልባ ተሻገርን። ኢንጂነር ጀልባው ጋ ቆመው ሰው ይቆጥሩ ነበር። "ስምንት ይበቃል። አንቺ በሚቀጥለው።" መስቀሉን አላደረጉትም። ማንም ምንም አላላቸውም፣ እኔም ጭምር።

በሳምንቱ ቃለ ጉባኤውን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። በእኛ ደንብ ከጸሐፊው ሌላ አንድ የኮሚቴ አባል ይፈርምበታል፤ የዚያን ዓመት ፈራሚ እሳቸው ነበሩ። ከታች አንዲት መስመር ጨምሬበታለሁ፦ ሂሳቡን አጣርቻለሁ ብሎ ሳያየው የፈረመው አርንፊን ሎተ ነው፣ የሚል። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። እስክሪብቶውን አነሱ፣ መልሰው አኖሩት።

"ይኼን አልፈርምም።"

"እውነት እኮ ነው ኢንጂነር።"

"ቃለ ጉባኤ ላይ የሚጻፈው የተባለው ነው። አንተ የዚያን ቀን ስለ ከበሮ አንድ ነገር ብለሃል። ስለ ፊርማ ምንም አላልክም። ያልተባለ አይጻፍም። ሰርዘውና አምጣው።"

ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ወይ ፍንክች። ስወጣ በሩ ላይ ድረስ ተከትለውኝ የኮቴን አዝራር አንድ ደረጃ አሳስቼ መቆለፌን ነገሩኝ። ልክ ናቸው፣ አሳስቻለሁ።

እወዳቸዋለሁ። ይህን ቃል በእኛ ሸለቆ ሰው ለውሻው ካልሆነ አያወጣውም፤ ግን እወዳቸዋለሁ። አሁን አዲሱ ድልድይ እየተሠራ ነው። እሳቸው በየቀኑ ሥራው ቦታ ሄደው ወጣቶቹን መሐንዲሶች ያሰቃያሉ፤ አንዱ ልጅ ሥራ ሊለቅ ነው ይባላል። ኮሚቴው ፊት ቆሜ የራሴን ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሦስት ስብሰባ አለፈኝ፤ በሦስቱም ልቤ ከዳኝ። ስለዚህ እዚህ ጋዜጣ ላይ ጻፍኩት፤ እዚህ የእሳቸው ፊርማ አያስፈልግም።